ጀበናውን ያዙ፣ ከረሜላውን ተዉት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሲሆን የሦስተኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። በመጪው ሐምሌ አጋማሽ ከ11 ጓደኞቼና ከ2 መምህራን ጋር ለ3 ሳምንት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደ ሩዋንዳ፣ ሙሳንዜ ወደሚባል ወረዳ እንሄዳለን። የተሰጠን ዕቅድ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ማስተማር፣ የአትክልት ቦታ ማዘጋጀትና የእጅ መታጠቢያ መሥራት ነው። በመጨረሻው መስመር ላይ «ከአካባቢው ማኅበረሰብ ጋር መቀራረብ» የሚል ተጽፏል፤ እንዴት እንደሚሆን ግን ያብራራልን ሰው የለም። ቋንቋቸውን አንችልም፤ ጊዜውም አጭር ነው። ከቤተሰቤ ከአገር የወጣች ብትኖር ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰችው አክስቴ ብቻ ናት። ለልጆቹ ከረሜላና እስክሪብቶ ገዝተን እንድንሄድ የሚመክሩንም አሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?
ተማሪዋ፣ ከደሴ

መልስ፦ ስለ መቀራረቡ ከማንሣቴ በፊት ዕቅዳችሁን ከቀን መቁጠሪያ ጋር እንድታስተያዩት እለምናችኋለሁ። የሩዋንዳ የትምህርት ዘመን በመስከረም ገደማ ተከፍቶ በሰኔ መጨረሻ ገደማ የሚዘጋ በመሆኑ፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ስትደርሱ ትምህርት ቤቱ እንደ እኛዎቹ ሁሉ ዕረፍት ላይ ይሆናል። እንግዲህ ወይ ልጆቹ ለእናንተ ሲባል ከየቤታቸው ይጠራሉ፣ ወይ ባዶ ክፍል ይጠብቃችኋል። ዕቅዱን ያዘጋጀው ሰው ይህን ሳያጣራ ቀርቶ ከሆነ፣ የቀረውንም ሳያጣራ ጽፎት ሊሆን ይችላል ብሎ መጠርጠር ክፋት አይደለም።

የእጅ መታጠቢያውን እንውሰድ። ሙሳንዜ በቪሩንጋ እሳተ ገሞራ ተራሮች ግርጌ የምትገኝ፣ የከተማዋ ከፍታም ከኮምቦልቻ ብዙ የማይርቅ፣ ድንች የሚበቅልባት አካባቢ ናት። ዝናብ አያጥራትም፤ ነገር ግን ድንጋዩ እሳተ ገሞራ የተፋው፣ ውኃ የሚያሰርግ ስለሆነ የዘነበው ወደ ውስጥ ይጠፋል፤ ምንጭና ጅረት እንደ ዝናቡ ብዛት አይገኝም። በዚህ ምክንያት ብዙ ቤቶች የጣሪያ ውኃ ያጠራቅማሉ። እኛ ዘንድ ጦሳ በጭጋግ ተሸፍኖ ደሴ በክረምት ዝናብ ስትርስ፣ እዚያ በጋ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ ጣሪያው ደረቅ ነው። ማጠራቀሚያ ታንከር የሌለው የእጅ መታጠቢያ ሠርታችሁ ብትመጡ፣ ፎቶው ያምር ይሆናል እንጂ ዝናቡ እስኪመለስ ድረስ እጅ የሚታጠብበት አይኖርም። የአትክልቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ የዋናው ዘር ወቅት የሚጀምረው እናንተ ከተመለሳችሁ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ጉዟችሁን ለማጣጣል አይደለም። ለትምህርት ቤቱ ኃላፊ አንድ አጭር ደብዳቤ ብትጽፉ፣ «በሐምሌ እናንተ ራሳችሁ የምትሠሩት ሥራ ምንድን ነው? 14 ሰው ቢጨመርበት የሚያግዘው የትኛውን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መቀራረቡ ከደሴ ሳትነሡ ይጀምራል ለማለት ነው። መልሱ ዴስክ መጠገን፣ ግድግዳ ቀለም መቀባት፣ ለታንከሩ መሠረት የሚሆን ድንጋይ ማጋዝ ሊሆን ይችላል። የአካባቢውን ግንበኛ በአካባቢው ዋጋ ቅጠሩና እናንተ የእሱ የቀን ሠራተኞች ሁኑ፤ ጭቃ አቡኩ፣ ድንጋይ አቀብሉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቋንቋ ሳይችሉ ከአንድ ሰው ጋር ለመግባባት ከእሱ ሥር ሆኖ እንደ መሥራት ያለ መንገድ አላውቅም፤ ስትሳሳቱ ይስቃል፣ ስታስተካክሉ ራሱን ይነቀንቃል፣ በአራተኛው ቀን ስማችሁን ይጠራል።

ከዚህ ቀጥሎ ቀን ልጠቁማችሁ። በሩዋንዳ የፈረንጆቹ ወር የመጨረሻ ቅዳሜ «ኡሙጋንዳ» ይባላል። ከ18 እስከ 65 ዓመት ያለ፣ አቅም ያለው ነዋሪ ሁሉ ጠዋት ወጥቶ መንገድ ይጠርጋል፣ ቦይ ይከፍታል፣ ችግኝ ይተክላል፣ ለአቅመ ደካማ ቤት ይሠራል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ መኪናም ከሞላ ጎደል ይቆማል። እኛ ደቦ ወይም ጅጌ ከምንለው ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ የእኛ ደቦ ጠሪው ቤት ያለው፣ ጠላውና ቆሎው ከጠሪው የሚጠበቅ ሲሆን የእነሱ ግን በሕግ የተደነገገ፣ የመንግሥት እጅ ያለበት መሆኑ ነው። እናንተ በምትቆዩበት ጊዜ ውስጥ አንድ ኡሙጋንዳ አይቀርም። የራሳችሁን ሥራ ለዚያ ቀን ትታችሁ፣ ዶማ ተውሳችሁ ከሰፈሩ ሰው ጋር ውጡ። ሥራው ሲያልቅ ሰዉ ተሰብስቦ ስለ ሰፈሩ ጉዳይ ይነጋገራል፤ ተነሡና ራሳችሁን አስተዋውቁ ልትባሉ ስለምትችሉ ሁለት ዓረፍተ ነገር በኪንያሩዋንዳ አጥንታችሁ ጠብቁ። ረጅም ንግግር የሚያደርግ መምህር አብሯችሁ ካለ በትሕትና ከልክሉት።

ስለ ሰዓት አትጨነቁ። ጠዋት «ሳ ምቢሪ» ኑ ቢሏችሁ ቃል በቃል ሁለት ሰዓት ማለት ነው፤ ፈረንጅ ስምንት የሚለው፣ እኛ ሁለት የምንለው ነው። ከስዋሂሊ በመጣው ልማድ እነሱም እንደ እኛ ቀኑን ከንጋት ይቆጥራሉ። ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ ብቻ አትርሱ።

ሰላምታውም ሩቅ አይሆንባችሁም። ለማለዳ «ምዋራሙትሴ»፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታገኙት ሰው «ሙራሆ»፣ ለምስጋና «ሙራኮዜ» ትላላችሁ፤ «አማኩሩ?» ሲሏችሁ ደህንነታችሁን መጠየቃቸው ነውና «ኒ ሜዛ» ብላችሁ መልሱ። ትልቅ ሰው ሲጨብጡ በግራ እጃቸው የቀኝ ክንዳቸውን ይደግፋሉ፤ ይህን እናትሽ አስተምራሻለችና አዲስ አይሆንብሽም። አዲስ የሚሆንባችሁ መንገድ ላይ እየሄዱ መብላት ነውር መሆኑ ነው። በደሴ ክረምት ጥብስ በቆሎ እየጋጡ ፒያሳን ማቋረጥ የማንንም ዓይን አይስብም፤ እዚያ ግን ተቀምጣችሁ ብሉ።

አሁን ደግሞ ከሁሉ አብልጬ የማሳስባችሁን ልናገር፤ ይህን ወደ ሩዋንዳ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ማወቅ ሲገባው ብዙው ሳያውቀው የሚሄድ ነገር ነው። እዚያ ስትደርሱ የመልክ መመሳሰል ያስገርማችኋል፤ አፋችሁ ላይ የሚመጣው ቃልም «ሐበሻ ትመስያለሽ» የሚል ይሆናል። እኛ ሙገሳ ብለን የምንናገረው ይህ ቃል እዚያ ደም ያለበት ታሪክ አለው። በቅኝ ግዛት ዘመን አውሮፓውያን ጸሐፊዎች ቱትሲዎች ከሰሜን፣ ከኢትዮጵያ የፈለሱ ሌላ ዘር ናቸው የሚል ተረት አስፋፉ፤ የቤልጅየም አስተዳደርም እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የእያንዳንዱን ሰው ብሔር በመታወቂያ ላይ አስጻፈ። ከነፃነት በኋላ የመጡ ጥላቻ ሰባኪዎች ተረቱን ወስደው «እንግዲያው መጤ ናችሁ» አሉበት። ሌዎን ሙጌሴራ የተባለ ፖለቲከኛ እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1992 በሰሜን ምዕራብ ሩዋንዳ በካባያ ባደረገው ንግግር፣ የቱትሲዎች አገር ኢትዮጵያ መሆኗን፣ ቶሎ እንዲደርሱም በኛባሮንጎ ወንዝ እንደሚላኩ ተናገረ። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በ100 ቀናት ገደማ ውስጥ ተጨፈጨፉ፤ ብዙ ሬሳም በእርግጥ ወደ ወንዞቹ ተጣለ። ሙጌሴራ በሩዋንዳ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደበት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ኛባሮንጎ ዞሮ ዞሮ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያም የነጭ ዓባይ ውኃ ይሆናል። እኛ ከዓባይ ጋር ያለንን የዘፈንና የግጥም ፍቅር ሳስብ ይህን ማወቅ ይከብደኛል።

ስለዚህ መልክን አታንሡ። ብሔር አትጠይቁ፤ እኛ «የየት አገር ልጅ ነህ?» ብለን ቡናው ሳይፈላ የምንጨርሰውን ጥያቄ እዚያ የሚጠይቅ የለም፤ መታወቂያቸውም ከእልቂቱ ወዲህ አይጽፈውም። «ያኔ የት ነበርክ? ቤተሰብህ ተረፈ?» ብላችሁም አትጀምሩ። ሊነግራችሁ የፈለገ ሰው ራሱ ይነግራችኋል፤ ያን ጊዜ ዝም ብላችሁ አድምጡ። ከአየር ማረፊያ በቀጥታ ወደ ሰሜን ከመውጣት ይልቅ ኪጋሊ አንድ ቀን ብታድሩና ከ250 ሺህ በላይ ሰዎች ያረፉበትን የጊሶዚን መታሰቢያ ብታዩ መልካም ነው፤ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጋችሁ።

እነሱም ስለ እናንተ ይጠይቁ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ ያዩትን አንቺም ያየሽ ይመስለኛል፤ ያን ጊዜ ልጅ ነበርሽ። ከጠየቁሽ በዓይንሽ ያየሽውን፣ የት እንደተሰደዳችሁ፣ ስትመለሱ ቤታችሁ እንዴት እንደጠበቃችሁ ተናገሪ፤ የሰማሽውንና የተከራከርሽበትን ለሌላ ቀን አቆይው። «የእኛም እንደ እናንተ ነው» ማለት ግን አያስፈልግም። ሐዘን ቤት ገብቶ የራሱን ሐዘን የሚመዝን ሰው በወሎ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ።

ወደ ቀለለው ልመለስ። ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦትና ትንሽ ዕጣን ያዙ፤ ጀበናውን በልብስ ጠቅልላችሁ በእጅ ሻንጣ ውሰዱት፣ ከጭነት ተርፎ ሲወጣ አላየሁምና። ቡናውን ግን ከዚህ አትውሰዱ። ሩዋንዳ ራሷ ቡና አብቃይ ናት፤ ከሙሳንዜ በስተደቡብ ያለው የጋኬንኬ ወረዳ ገበሬ የሚለቅመው ቡና አብዛኛው ወደ ውጭ የሚላክ ሲሆን፣ እሱ ራሱ ግን በብዛት የሚጠጣው ሻይ ነው። የእነሱን ጥሬ ቡና ከገበያቸው ገዝታችሁ፣ ያበቀለው ሰው ፊት አጥባችሁ፣ ቆልታችሁ፣ ጭሱን ወደ አፍንጫው አቅርባችሁ፣ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ስታቀርቡለት የሚሆነውን አስቢው። በወሎ ቡና ተጠጥቶ ሳይመረቅ አይነሣም፤ የአስተናጋጃችሁን እናት በራሳቸው ቋንቋ እንዲመርቁ ጠይቋቸው። ቃሉን አትረዱትም፤ አሜን ማለት ግን የሚከለክላችሁ የለም። ይህን በየሦስት ቀኑ በአንድ ቤት ደጅ ብታደርጉት፣ በየቀኑ በሌላ ቤት ከምትዞሩት ይሻላል። ጎረቤት የሚሆነው ተደጋግሞ የታየ ሰው ነው።

ምግብ አያስቸግራችሁም። ባቄላ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ የካሳቫ ቅጠል ወጥ፣ «ኡቡጋሊ» የሚባለው ገንፎ የመሰለ ምግብ በብዛት የጾም ነው፤ ሐላል ሥጋ ለሚፈልጉ ጓደኞችሽም መውጫ ይሆናል። ወተት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ላም በሩዋንዳ ክብር ያላት እንስሳ ናት፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 በጀመረው «ጊሪንካ» በተባለ መርሐ ግብርም ድሃ ቤተሰቦች አንዳንድ ላም ሲሰጣቸው ቆይቷል። እንግዳ ሲመጣ ወተት ወይም እርጎ ይቀርባል። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ካላችሁ ገና እንደደረሳችሁ ተናገሩ፤ ጽዋው ከቀረበ በኋላ እምቢ ማለት ሰጪውን ያሳፍራል። የነሐሴው ዓርብ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለበት፤ በፈረንጆቹ ነሐሴ የመጀመሪያው ዓርብ «ኡሙጋኑራ» የሚባለው የመኸር በዓላቸው ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ ይውላል። ቀኑን ከአሁኑ በዕቅዳችሁ አስገቡና ያን ቀን ሥራ አትያዙ።

ከረሜላውንና እስክሪብቶውን በተመለከተ አጭር ታሪክ ልንገርሽና መልሱን ራስሽ ታወጪዋለሽ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በያኔው ወሎ ክፍለ ሀገር ከኮረም የተቀረጸው የረሀብ ፊልም በቢቢሲ ታይቶ ዓለም ሲነቃነቅ እኔ የ8 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት እርዳታ የሚያከፋፍሉ የውጭ ሰዎች በየቦታው ነበሩ፤ ብዙ ነፍስ ማዳናቸውን የሚክድ ሰው ወሎ ውስጥ አይገኝም። አንድ ቀን አንዲት ወጣት ፈረንጅ ብስኩት ሰጠችኝ። ልበላው ስል በእጇ «ቆይ» አለችኝ፤ ከአፌ አጠገብ እንደያዝኩት ቆምኩ፣ ካሜራዋን አስተካከለች፣ አነሣችኝ፣ ከዚያ «ብላ» አለችኝ። ደግ ሴት ነበረች። ፎቶው ዛሬ በየትኛው አገር፣ በማን አልበም ውስጥ፣ ከምን ጽሑፍ ሥር እንዳለ አላውቅም። እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ ያነሣችው የነበረው ብስኩቱን አልነበረም፤ «ልጄን ሳትጠይቀኝ» የሚለውን ነበር።

ልጅን ፎቶ ማንሣት ከፈለጋችሁ እናቱን ወይም አያቱን ጠይቁ፤ ፎቶውንም አሳትማችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ስጡ፤ ሙሳንዜ ከተማ ናትና ፎቶ ቤት አታጡም። ስጦታ ካማራችሁ ለትምህርት ቤቱ ኃላፊ በአንድነት ስጡ፤ መቼና ለማን እንደሚሰጥ እሱ ይወስን። በር ላይ ለልጆች የሚበተን ነገር በሚቀጥለው ቀን በሩ ላይ የሚጠብቅ ልጅ ያመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት እንግዶች የሚገናኙት ከልጁ ጋር ሳይሆን ከተዘረጋው እጅ ጋር ነው።

አክስትሽን ጠይቂያት። ዓረብ አገር የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዴት እንዳለፈች፣ ቋንቋ ሳትችል ማን እንደቀረባት፣ ማን ስሟን አስተካክሎ እንደጠራት ትንገርሽ። ከመምህራኑም ከእኔም ይልቅ እሷ የምታውቀው ይበልጣል።

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻ ነዋሪና የ3 ልጆች አባት ነኝ። የመጀመሪያው ልጄ ከትምህርት ቤቱ ጋር ለ2 ሳምንት አገልግሎት ወደ ኬንያ ለመሄድ ተመዝግቧል። የተጠየቅሁት ክፍያ ከወር ደመወዜ ብዙ እጥፍ ነው። ልጁ «ሰዎችን ልረዳ ነው» ይላል፤ እኔ ደግሞ እዚሁ ቃሉ ወረዳ ውስጥ የሚረዳ ሰው ጠፍቶ ነው ወይ እላለሁ። ተሳስቼ ይሆን?
አባት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አልተሳሳቱም፤ ልጅዎም አልዋሸም። የተሳሳተው ስሙ ነው። የሚከፍሉት ገንዘብ አብዛኛው ወደ ትራንስፖርትና ወደ ማደሪያ የሚሄድ በመሆኑ፣ «እርዳታ» ብለው ካዩት ኪሳራ ነው፤ «የልጄ ትምህርት» ብለው ካዩት ደግሞ ውድ ትምህርት ነው፣ መክፈል ወይም አለመክፈል የእርስዎ ነው።

የጊዜውን ነገር ለማስተያየት ያህል የእኛኑ አገር ታሪክ እናንሣ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ሙሉ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር፤ ብዙዎቹ አስተማሪ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1962 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሰላም ጓድ አባላት የተመደቡት ለ2 ዓመት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻም ወደ 60 ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል። የዘመቻውን ፖለቲካ ለሌላ ጊዜ ልተወውና፣ ያነጋገርኋቸው የቀድሞ ዘማቾች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት ገበሬውን ያስተማሩበት ሳይሆኑ ገበሬው እነሱን ያኖረባቸው ነበሩ። ወራት ያልበቁት 2 ሳምንት አይበቃውም፤ ስለዚህ ልጅዎ ሊያይና ሊማር እንደሚሄድ ይወቅ።

ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ግን ትምህርት ቤቱን በግልጽ ይጠይቁ። ይህን ሥራ በኬንያ በኩል የጠየቀው ማን ነው፣ ልጆቹን የሚያስተናግዱት ቤተሰቦች ከክፍያው ስንት ይደርሳቸዋል፣ ልጁ ቢታመም ኃላፊው የትኛው ሰው ነው፣ የጤና መድንስ አለው ወይ? ለመጀመሪያው ጥያቄ ስም ጠርተው የሚመልሱልዎ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። «ማኅበረሰቡ» ካሉዎት ደግመው ይጠይቁ፤ ማኅበረሰብ ደብዳቤ አይጽፍም።

ልጅዎንም አንድ ነገር ቢያዙት እወዳለሁ። ከመሄዱ በፊት ቃሉ ወይም ተሁለደሬ ካለ ዘመድ ቤት አንድ ሳምንት ይሰንብት፤ ሳያስተምር፣ ሳይመክር፣ ውኃ እየቀዳና ከብት እየጠበቀ። ለቅሶ ካለ ከቅሬው ጋር ይቀመጥ። ከዚያ ተመልሶ «አሰልቺ ነው» ካለዎት የኬንያውን ገንዘብ ያስቀምጡት። ስለ ሰዎቹ እየነገረ እራት ካስመሸዎት ግን አቅምዎ የፈቀደውን ያህል ይርዱት፤ የጎደለውን ራሱ በክረምት ሠርቶ ይሙላ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር ኡጋንዳ፣ ጂንጃ አጠገብ ባለ መንደር ለ1 ወር አገልግለን ነበር። ያረፍኩበት ቤት አያት፣ ሁሉም «ጃጃ» የሚሏቸው፣ እንደ ልጃቸው አድርገው ያዙኝ። ስመለስ ፎቶአችንን እንደምልክላቸውና እንደምደውል ቃል ገባሁ። ፈተና መጣ፣ ስልኬ ተበላሸ፣ ዘገየሁ፤ አሁን 8 ወር ሆነኝ። አሁን ብደውል ምን እላቸዋለሁ? አፈርኩ።
ወጣቱ፣ ከደሴ፣ ቧንቧ ውኃ

መልስ፦ ምክንያቱን አትዘርዝር፤ ፈተናውንም ስልኩንም አታንሣ። ፎቶውን ዛሬ ማታ በቤቱ ውስጥ ዋትስአፕ ላለው የልጅ ልጃቸው ላክና፣ ለጃጃ እንዲያሳያቸውና ነገ ስንት ሰዓት ላይ ቤት እንደሚሆኑ እንዲነግርህ ጠይቀው። ስትደውል መጀመሪያ ስለ ጤናቸው፣ ቀጥሎ ስለ ጎረቤቶቻቸው በስም በስማቸው ጠይቅ። ይቆጡህ ይሆናል። የተቆጡህ እንደሆነ ጨርሰው እስኪቆጡ ድረስ ስልኩን አትዝጋ፤ የአየር ሰዓት አስቀድመህ ሙላ።